ጳጉሜ የሌለው ቅጽ

የቦርከና ማዶ የልብ ጣቢያ ቁጥር አራት ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተከፍቶ ረፋድ አምስት ሰዓት ይዘጋል። ከአምስት በኋላ በከተማዋ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሱቆች መጋረጃቸውን ያወርዳሉ፣ ትምህርት ቤቱ ቤታቸው የራቀውን ልጆች ምድር ቤት አውርዶ ያስተኛል፣ ፖሊሱም ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጥላ ውስጥ ይጋደማል። ሰው ወደ ውጭ የሚመለሰው አስር ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔም ቢሆን የግድግዳ ጥግ ይዞ።

ከጣቢያው በር በላይ ሁለት ታፔላዎች አሉ። ትንሹ "የልብ ጣቢያ" ይላል። ትልቁ "የጥርስ ሕክምና" ይላል። ጥርስ ሐኪም ኖሮ አያውቅም። በቦርከና ማዶ እርግዝና እስኪታይ ድረስ አይነገርም፤ ዓይን አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ምላስ አለ። ስለዚህ ሴቶቹ ሲገቡ የሚያይ ሰው ጥርሳቸውን ያመማቸው እንዲመስለው ታፔላው ተሰቀለ። ሴቶቹም ጉንጫቸውን በሻሽ ይዘው ይገባሉ፤ ሲወጡ ግን መያዝ ይረሳሉ። አልፎ አልፎ የእውነት ጥርሱን ያመመው ሰው ይመጣል፤ ማስታገሻ ተሰጥቶት ለማንም እንዳይናገር ይመከራል።

ትርንጎ እንድሪስ በዚህ ጣቢያ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆጣሪ ሆና ሠርታለች። ሥራዋ ሴቶቹ የፀነስንበት ነው ብለው የሚነግሯትን ቀን ተቀብላ እስከ ዛሬ ስንት እንደሆነ በእስክሪብቶ መቁጠር ነው። የጣቢያው ማሽን መቁጠር አቅቶት አይደለም። ድሮ ይቆጥር የነበረው እሱ ነው፤ ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ከእኛው ጋር ቀላቅሎ፣ ገና የሦስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ለነበረች አንዲት ሴት "ልጅዎን አንደኛ ክፍል ባለማስመዝገብዎ ይጠየቃሉ" የሚል ደብዳቤ ላከ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቀኑን ሰው እንዲቆጥር፣ ማሽኑ ደግሞ ሰው የቆጠረውን እንዳለ እንዲቀበል ወሰነ። ቅጹን እንዲያዘጋጁ የተመረጡት ሰውዬ ከደሞዝ ክፍል የመጡ ነበሩ። ጠንቃቃ ሰው ነበሩ ይባላል። አስራ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሠላሳ ሣጥን ያለው ቅጽ ሠሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንዲት መስመር አልተነካችም።

የሚቆጠረው እስከ ሃምሳ ነው። ከሃያኛው ቀን በፊት ለፅንሱ ልብ የሚወጋው መርፌ የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ከሃምሳኛው በኋላ ደግሞ የሚሰማው የለም። ለምን እንደሆነ ትርንጎ ለእያንዳንዷ ሴት በአንድ ዓይነት ቃል ትነግራታለች። መመሪያው ላይ ያለው ሲነበብላት የገባት ሴት ስላላየች የራሷን አዘጋጅታለች።

"ልብ ቤት ነው" ትላለች። "ግንበኛ አለ፣ አናጢ አለ፣ ልስን የሚሠራ አለ። ከሠራተኛው የጎደለ የለም፤ ሁሉም እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚያስፈልገው ጠሪ ነው፤ አንተ ና፣ አንተ ቁም፣ አንተ በቃህ ሂድ የሚል። ድሮ ጠሪው ሁሉንም በሰዓቱ ይጠራ ነበር። ሙቀቱ ከመጣ ወዲህ ይደክመዋል። አንዱን አዘግይቶ ይጠራል፣ ሌላውን ማሰናበት ይረሳል። በክፍሎቹ መሃል ያለው ግድግዳ ሳያልቅ ግንበኛው ይሄዳል። መርፌው ጠሪውን የሚቀሰቅስ ነው። በሃምሳኛው ቀን ግን ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ብንጠራ የሚመልስልን የገደል ማሚቶ ነው።"

ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት አርባ ምናምን ሲሆናቸው ነው፤ እስከዚያ ደብቀውት። በቀን ከማቀዝቀዣው የሚወጣው አስራ ሁለት መርፌ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ተራ ያስይዛል። ሃምሳ የሞላት የዚያኑ ዕለት ትወጋለች፤ ያልሞላት ወደ ሃምሳ ስትጠጋ ትመጣለች። አምስት ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣው ይቆለፋል፤ የተረፈ መርፌ ካለ ይጣላል።

ከመርፌው በኋላ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ላይ የፅንሱ የመጀመሪያ ቀን ተጽፎ፣ ከሥሩ "የታረመ" የሚል ማህተም ይመታበታል። ካርድ ያለው ልብ አይደመጥም፤ መመሪያ ነው። በጣቢያው ያለው አንድ የልብ ማዳመጫ ለምረቃው ዕለት ፎቶግራፍ የተገዛ ሲሆን አሁን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የልብ ቀዶ ጥገና የምትሠራው የመጨረሻዋ ሐኪም ጡረታ ከወጣች አስራ አራት ዓመት አልፏል፤ ክፍሏ የወንበር መጋዘን ሆኗል። በከተማዋ መግቢያ ላይ "ቦርከና ማዶ፣ ከልብ ጉድለት ነፃ የሆነች ከተማ" የሚል ሰሌዳ አለ። ቀለሙ በየዓመቱ ይታደሳል።

ከዚህ ሌላ በከተማዋ ግንቦቶች አሉ። በግንቦት የተወለዱ ልጆች ቶሎ ይደክማቸዋል፤ ይህ በቦርከና ማዶ እንደ ጉንፋን የታወቀ ነገር ነው። ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ሲሮጡ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ትምህርት ቤቱ በሜዳው ጥግ "የግንቦት አግዳሚ" የሚባል ወንበር ሠርቶላቸዋል፤ ሌላ ልጅ ከተቀመጠበት ይነሳላቸዋል። የኳስ አሠልጣኙ ከስም በፊት የትውልድ ወር ይጠይቃል። ሕዝቡ የሚያምነው ሙቀቱ ሲጠነክር ስለተወለዱ እንደሆነ ነው። ልጄ ሰነፈ የሚል ወላጅ ካለ፣ የግንቦት ነው ተዉት ይባላል፤ እሱም ይተወዋል። የትርንጎ ልጅ መዲናም የግንቦት ናት። አስር ዓመቷ ነው።

መስከረም ሃያ ስድስት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዘሃራ ይማም የምትባል ሴት ጉንጯን ሳትይዝ ገባች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በደረቅ ወደቡ የቀን ሠራተኛ ናት፤ መዳፏ እንደ ሰሌን የሻከረ ነው። ትርንጎ ጥርስሽን ነው ወይ ብላ እንደ ደንቡ ጠየቀቻት። ጥርሴ ደህና ነው፣ ሆዴ ነው አለች ዘሃራ፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ወደ መሬት አዩ።

ቀኑን ስትጠየቅ አላመነታችም። ነሐሴ አስራ ሁለት። ባሏ ሰይድ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ራሱን ይነዳል፤ ሹፌሩ አብሮ የሚሄደው ለፊርማ ነው። ሐምሌንና ነሐሴን በሙሉ ቤቱ ያደረው አንድ ሌሊት ነው፤ ነሐሴ አስራ ሁለት ማታ ገብቶ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደ።

ትርንጎ በቅጹ ላይ ሣጥኖቹን ቆጠረች። ከነሐሴ የቀረው አስራ ስምንት፣ ከመስከረም ሃያ ስድስት። አርባ አራት ብላ ጻፈች። የልብን ቤትነት፣ የግንበኛውንና የጠሪውን ነገር ነገረቻት። ከዚያ ለጥቅምት አንድ ቀጠሮ ያዘችላትና ቀጣይ ብላ ተጣራች።

ዘሃራ አልተነሳችም። "ሃምሳ ነው" አለች።

ትርንጎ በትህትና ደግማ ቆጠረች፤ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ዘሃራ ከቦርሳዋ በሲባጎ የተሰካ የወረቀት ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በወደቡ የቀን ሠራተኛ በገባ ቁጥር ቀኑ የታተመበት ቲኬት ይሰጠዋል። ባሏ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ያሉትን ቲኬቶች ሰክታቸዋለች፤ ሥራ ያልገባችበትን ቀን በካርቶን ቁራጭ ተክታለች። የዛሬውም ካርቶን ነው። ናፍቆት እንዲመስልባት ስላልፈለገች ለምን እንደሰካቻቸው አልተናገረችም።

ትርንጎ ቆጠረቻቸው። ሃምሳ ናቸው። ደግማ ቆጠረቻቸው። ከዚያ መሃል ላይ ስድስቱን በሁለት ጣቷ ያዘች።

"እነዚህ ጳጉሜ ናቸው" አለች።

"ናቸው።"

"ጳጉሜ አይቆጠርም።"

ይህን ያለችው ማንም እንደሚለው ነው። የወር ደሞዝ ጳጉሜን አያውቃትም። የቤት ኪራይም አያውቃትም። ጣቢያው ራሱ በጳጉሜ ለጽዳት በሚል ይዘጋል። ትርንጎ ዕድሜዋን በሙሉ ከነሐሴ ሠላሳ ወደ መስከረም አንድ ስትሻገር መሃል ላይ ያለውን እንደ ጉድጓድ ዘላ ነው ያለፈችው።

"ለደሞዝተኛ አይቆጠርም" አለች ዘሃራ። "እኔ ስድስቱንም ቀን ተሸክሜአለሁ። ያውም ዘንድሮ ስድስት ነበረች።" ከዚያ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ጠየቀች። "እትዬ፣ እነዚያ ያሏቸው ሠራተኞች፣ ግንበኛውና አናጢው፣ ደሞዝተኞች ናቸው ወይስ የቀን?"

ትርንጎ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"የቀን ከሆኑ" አለች ዘሃራ፣ "ጳጉሜን ሲሠሩ ነው የከረሙት። ዛሬ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ።"

ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች። ትርንጎ ቅጹን አየችው። አስራ ሁለት ዓምድ። ነሐሴ እንዳለቀ መስከረም ይጀምራል፤ መሃላቸው የቀጭን መስመር ስፋት ነው ያለው። ለአስራ ዘጠኝ ዓመት በየመስከረሙ በዚያች መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አሳልፋለች። በነሐሴ የተፀነሰ መቼ እንደሚወለድ በጣቷ ቆጠረች፤ አሁንም ጳጉሜን ልትዘል ብላ ተመለሰች። ግንቦት ላይ ቆመች።

ዘሃራን እዚሁ ጠብቂኝ ብላ ተነሳች። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደባልቄ እግራቸውን ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ከተው ደብዳቤ ይፈርሙ ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታቸውን እየጠበቁ ነው። ትርንጎ ቅጹንና ሲባጎውን ፊታቸው አስቀምጣ ነገሩን አስረዳቻቸው። ረዥም አልነበረም። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ከዚያ እንደገና አወለቁት።

የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም። አቶ ደባልቄ በቀስታ፣ እንደ ሰለቸው ሰው፣ ቅጹን ብናርመው የሚታረመው የዛሬዋ ሴት ብቻ አይደለችም አሏት። ዓምድ ከጨመርን ለምን ተጨመረ ይባላል። ለምን ተጨመረ ሲባል አስራ ዘጠኝ ግንቦት አለ። ወላጆቹ ደጃፉን ይሞሉታል። ይምጡ እንበል፤ መጥተው ምን እንሰጣቸዋለን? ቀዶ ጥገና የሚችል የለም። የመርፌውም ጊዜ አልፏል። አሁን ልጄ የግንቦት ነው ብለው ይተኛሉ፤ ያኔ ግን ልጄ በአምስት ቀን ነው የተበላሸው ብለው ይነቃሉ። እውነቱን ሰምተው ምን ያደርጉበታል?

ከሚሰሙት ወላጆች አንዷ ትርንጎ ናት።

"ያንቺ ልጅ መቼ ነው የተወለደችው?" አሉ አቶ ደባልቄ፣ እያወቁ።

"ግንቦት ሁለት።"

"የቆጠረላት ማን ነበር?"

"ራሴ ነኝ።"

በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አቶ ደባልቄ ደብዳቤያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ቅጹ አይነካም አሉ። እሷ በሩን ስትይዝ ግን ቀና ሳይሉ አንድ ነገር ጨመሩ። "ተገልጋይ የምትሰጠውን ቀን እኛ አንመረምርም፤ ያለችውን መጻፍ ነው። እሱ በመመሪያው አለ።"

ትርንጎ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ዘሃራ ሲባጎዋን ስትጠብቅ ባዶ እጇን እያሻሸች ነበር። ትርንጎ ሲባጎውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አዲስ ቅጽ አወጣች።

"መቼ ነበር ያልሽኝ?"

"ነሐሴ አስራ ሁለት ብያለሁ።"

"ነሐሴ ስድስት ካልሽኝ ቅጹ ላይ ሃምሳ ይመጣል። ሃምሳ ከመጣ ማሽኑ ዛሬ ያስገባሻል።"

ዘሃራ ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። የገባት ግን ትርንጎ ባሰበችው በኩል አይደለም። "ነሐሴ ስድስት ሰይድ ጅቡቲ ነበር" አለች።

"ማን ያውቃል?"

"አማቴ ታውቃለች። ልጇ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በር ላይ በከሰል ነው የምትጽፈው። ካርዱ ደግሞ ቀኑ ከላይ ነው የሚጻፈው፤ ይኸው ግድግዳችሁ ላይ ለጥፋችሁታል።" እውነት ነው፤ የካርዱ ናሙና ግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅሏል። "መርፌውን ወግታችሁ ካርዱን ብታስቀሩትስ?"

ካርድ የሌለው ልጅ ክትባት አያገኝም፣ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ሲሞትም የት እንደሚቀበር ለመወሰን ስብሰባ ይጠራል። ትርንጎ ይህን ነገረቻት። ቀኑን በኋላ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ዘሃራ ጠየቀች። የታተመ ቀን አይነካም። ማሽኑ ሰው የቆጠረውን አንዴ ካመነ ለዘላለም ያምናል።

በመስኮቱ በኩል ጎዳናው ሰው እየቀነሰ ነበር። ሲስተር ፋንቱ፣ መርፌ የምትወጋዋ፣ ከውስጥ ብቅ ብላ አንድ ፍሬ ቀርቶኛል፣ ከሌለ ልቆልፍ ነው ብላ ተመለሰች። አራት ተኩል ሆነ።

ዘሃራ ስለ አማቷ መናገር ጀመረች፤ ለትርንጎ ሳይሆን ለጠረጴዛው። ክፉ ሴት አይደለችም። ዝም ብላ ቆጣሪ ናት። ሽንኩርት ትቆጥራለች፣ ጎረቤት ስንቴ እንዳስነጠሰ ትቆጥራለች። ካርዱን ባየች ቀን ምንም አትልም፤ ከሰሉ ወዳለበት በር ሄዳ ትቆማለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሰይድም ሲመጣ ምንም አይልም። ዝም ባይ ቤተሰብ ናቸው። ያ ዝምታ ግን ልጁ አድጎ እስኪያገባ አያልቅም።

"የግንቦት ልጅ ያያሉ አይደል?" አለች በድንገት። "እትዬ፣ በሰፈርዎ አለ?"

"በቤቴ አለች።"

ዘሃራ ቀና ብላ አየቻት። በዚያች ቅጽበት ሴትየዋ ምን ያህል እንደተረዳች ትርንጎ አላወቀችም፤ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

"ምን ያህል ይደክማታል?"

"ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። አራት ጊዜ ትቀመጣለች።"

ዘሃራ ሲባጎዋን አንስታ በእጇ ጠቀለለችው። ሃምሳውን ቀን በአንድ መዳፍ ያዘችው።

"ይጻፉት" አለች። "ስድስት ብለው ይጻፉ። መድከም ካለ እኔ ልድከም። እኔ ለምጄዋለሁ።"

ትርንጎ ጻፈች። ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃምሳ። ማሽኑ ሳያመነታ አመነ። አረንጓዴ መብራት በራ፣ ተራ ቁጥር አስራ ሁለት ተባለ፣ ዘሃራም ወደ ውስጥ ገባች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ክንዷን እያሸች ወጣች። ሲስተር ፋንቱ ከኋላዋ ማቀዝቀዣውን ቆለፈች። ካርዱ ትኩስ ሆኖ ከማሽኑ ወጣ። ነሐሴ ስድስት፤ የታረመ።

ትርንጎ ካርዱን ከመስጠቷ በፊት ከመሳቢያዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ፈጣን ጸሐፊ ናት፤ ይህን ግን ቀስ ብላ ጻፈችው።

"ለሚመለከተው ሁሉ። የዘሃራ ይማም ትክክለኛው ቀን ነሐሴ አስራ ሁለት ነው። የጣቢያው ቅጽ ጳጉሜን ስለማይቆጥር ዛሬ እንድትወጋ ስድስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅጹ ከወጣ ጀምሮ ጳጉሜ ተቆጥራ አታውቅም። ትርንጎ እንድሪስ፣ ቆጣሪ።"

ፈረመች። ከዚያ የጣቢያውን ማህተም ቀለም አስነክታ መታችበት። ማህተሙ ሲያርፍ ያለው ድምፅ በየቀኑ የምትሰማው ነው፤ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች ማንም ቀና አላለም።

ዘሃራ ወረቀቱን አነበበችው። ማንበቧ ረዥም ጊዜ ወሰደ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ስትደርስ ከንፈሯ መንቀሳቀስ አቆመ።

"ይህን ለአማቴ ካሳየኋት" አለች፣ "ለሰፈሩ ታነበዋለች።"

"አውቃለሁ።"

"ሥራዎን ያስለቅቅዎታል።"

"አንቺ ነሽ የያዝሽው። ስትፈልጊ አሳዪያት፣ ካልፈለግሽ አታሳያት።"

ዘሃራ ወረቀቱን አራት አጥፋ ከሲባጎው ጋር በደረቷ አስገባችው። በሩ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር የረሳች መስላ ቆመች፤ ከዚያ ጉንጯን በሻሿ ያዘችና ወጣች።

ትርንጎ ወደ ቤቷ የሄደችው እንደ ሁልጊዜው በግድግዳ ጥግ ነው። ለአምስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሕንፃው ውስጥ ገባች። መዲና በመጀመሪያው ፎቅ ደረጃ መሃል ተቀምጣ ነበር፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ ጣቶቿን እያየች። የጥፍሮቿ ሥር ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህ መቀመጫዋ ነው፤ የጎረቤት ልጆች በጎኗ ሲያልፉ እግራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

ትርንጎ በዚህ ደረጃ ላይ በየቀኑ የምትለው ቃል ነበራት። ተነሺ፣ አትልፈስፈሺ፣ ሙቀቱ ሳይወጣ እንግባ ትላለች። መዲና አፏን ዘግታ ለመነሳት ተዘጋጅታ ጠበቀች። ቃሉ አልመጣም። እናቷ ከጎኗ ተቀመጠች።

"ደከመሽ እንዴ?" አለች መዲና፣ ተገርማ።

"ደክሞኛል።"

"አንቺ እኮ የግንቦት አይደለሽም።"

ትርንጎ ይህን ለመመለስ ሞከረች። ሁለት ሺህ ሰማንያ፣ ጳጉሜ አምስት ቀን ነበረች። ያኔ ቅጹን የሞላችው በራሷ ጠረጴዛ ነው፤ ለራሷ ስትሆን እንኳ ሳትሳሳት በሥርዓቱ ቆጥራ፣ አርባ ዘጠኝ ብላ ጽፋ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ አሥራ አንደኛ ሆና ተወጋች። የያኔው ኃላፊ በንጽህና የተሞላ ቅጽ ብለው ለአዲስ ሠራተኞች ማሳያ አድርገውት ነበር። ምናልባት እስካሁን የሆነ ፋይል ውስጥ አለ።

"ነይ እስቲ" አለቻት። የልጅቷን ቦርሳ አንስታ ወደ ጎን አደረገችና ጆሮዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ማንም አድርጎ አያውቅም፤ መዲና ካርድ አላት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኮረኮርሽኝ አለች፣ ከዚያ ጸጥ አለች።

ትርንጎ ምን እንደምትሰማ አታውቅም ነበር። መመሪያው ላይ ድምፅ አልተጻፈም። የሰማችው ምት ነው፤ በምቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሽ የሚል፣ ሙሉ በሙሉ ባልተዘጋ በር ሥር እንደሚገባ ውሃ። ምት፣ ሽ። ምት፣ ሽ። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። አምስት ላይ አቆመች።

"ምን ይላል?" አለች መዲና።

ከላይ ፎቅ የሆነ ሰው በር ዘጋ። ከውጭ የመጨረሻው ሱቅ መጋረጃውን አወረደ። ትርንጎ ጆሮዋን አላነሳችም።

"ሥራ ላይ ነው" አለች። "ትንሽ እንጠብቀው።"